«ጠመንጃው ዘገየብኝ»

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ መሳቢያዬን ሲበረብር አንዲት የነሐስ ቀለህ አገኘ። እንደ አውራ ጣት የወፈረች፣ ከአመልካች ጣት ትንሽ የምታጥር፣ ቂጧ ላይ የተመታ ጠባሳ ያላት አሮጌ ነገር ናት። ልጆች እንዴት እንደሚያውቁት እንጃ፣ ማንም ሳያስተምረው አፏን ከታችኛው ከንፈሩ ጋር አስጠግቶ ነፋባት። ፉጨቷ ቤቱን ሰንጥቆ ወጣ። እናቱ ከማድ ቤት በሩጫ መጥታ «አባባ፣ ይኼ ነገር አይፈነዳም?» አለችኝ።

«ፈንድታ ጨርሳለች» አልኳት። «ስልሳ ዓመት ሆናት።»

ልጁ ፉጨቱን አቆመና ወንድ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ። «ምን ገደለች?»

«ሰፌድ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ተቀመጥና ልንገርህ አልኩት፤ ከነገርኩት በኋላ ደግሞ እንደኔ ልጅና የልጅ ልጅ ላላችሁ ለእናንተም ልጽፈው አሰብኩ።

ያደግሁት ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ሐይቁን ቁልቁል እያያችሁ ወደ አምባሰል በሚወጣው ዳገት ላይ የአያቴ ቤት ነበር። ከፊት ውኃውና የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ከኋላ ገደል። ከገደሉ በኩል ዝንጀሮ፣ ሰሳ፣ አልፎ አልፎም ነብር ይመጣል። ማሽላ ከዝንጀሮ፣ ፍየል ከነብር ይጠበቃል። ስለዚህ በየቤቱ ጠመንጃ መኖሩ እንግዳ ነገር አልነበረም።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ስሙን ስንጠራው የኛው አማርኛ ይመስለናል እንጂ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ የግራ ጠመንጃ እንደማለት ነው፣ ግራ የሠራው መኮንን ስም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው፣ ካረጀበት በኋላ በየወደቡ ለገዢ የተበተነ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። በዐድዋ ጊዜ በሠራዊታችን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነው። አንዴ ትተኩሳለህ፣ መቀርቀሪያውን ከፍተህ ቀለሁን ታወጣለህ፣ ሌላ ታጎርሳለህ። ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲቆም ያኔ ከኔ ጋር እኩል ነበር። ጥይቱም ተራ ነገር አልነበረም። በአያቴ የልጅነት ዘመን እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የውጅግራ ጥይት በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ጥይት የተኮሰ ሰው ገንዘቡን ተኮሰ ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 አያቴ በአርበኝነት ዱር ሲኖሩ ጥይት ከየትም አይገኝም። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመው መልሰው መሙላት የለመዱት ያኔ ነው። ባሩዱን ይቀምማሉ፣ እርሳሱን አቅልጠው በቅርጽ ያፈሳሉ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን የተመታች ትንሽ ቆብ አቅንተው እሳት የምትጭር አድርገው ይመልሷታል። ልጆችም የሚያዩት ጋዜጣ ስለሆነ አቀማመሙን እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ እርሳሱን ቀለህ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በወረቀት ይጠቀልሉታል። የፈረንሳዩም ጥይት እንዲሁ ወረቀት የተጠቀለለ ነው፣ እርሳሱ የብረቱን ውስጥ እንዳይልሰው። አያቴ ማንበብ ባይችሉም ጋዜጣ ይገዙ ነበር። የጎረቤት ሰው ሁሉ ፊደል የቆጠሩ ይመስለው ነበር።

ነጻነት ከመጣ በኋላም ልማዱ አልቀረም። የቤት ጥይት ሞልቷል። የፋብሪካ ጥይት፣ እሳቸው «የፈረንጅ» የሚሏት፣ ስድስት ብቻ ነበረቻቸው። በጨርቅ ቋጥረው ከሣጥናቸው ሥር አስቀምጠዋታል። «ለቀብሬ ናት» ይሉ ነበር። አርበኛ ሲቀበር ተኩስ ይተኮስለታል፤ በዚያ ቀን ደግሞ የማትከሽፍ ጥይት ያስፈልጋል።

ነገሩ የተፈጠረው በ1957 ጥቅምት ላይ ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። አንድ ነብር ከገደሉ እየወረደ የሰፈሩን ፍየል ፈጀው። በመጨረሻ ሰዎቹ የገደላትን ፍየል ሳያነሱ ትተው፣ ሲመለስባት አድፍጠው ሊጠብቁት ተስማሙ። የአያቴ ዓይን ማታ ማታ እየደከመ ስለነበር ጠመንጃውን ለመጨረሻ ልጃቸው ለአጎቴ ሰጡት። አጎቴ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በኛ አገር አባት ለልጁ ጠመንጃ ሲያቀብል ዕቃ ማቀበል ብቻ አይደለም። ሰዎች ፊት ነው፤ «ከእንግዲህ ይህ ነው» እንደማለት ነው። ለአጎቴም የአንዲት ልጅ ቤት ሽማግሌ ተልኮለት ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑን ጥሎበታል።

ጥይቷን ራሳቸው አያቴ አጎረሱት። የቤት ጥይት።

እኔ ከቤት እንዳልወጣ ተከልክዬ ስለነበር የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ነብሩ ጀምበር ስትጠልቅ መጣ። ሰባ እርምጃ ያህል ይሆናል። አጎቴ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ። «ቅጭ» አለ። ነብሩ ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ። ከዚያ ተተኮሰ። ጥይቷ ከነብሩ በታች ድንጋይ መትታ ነጠረች። ነብሩ እንደ መብረቅ ወደ ሰዎቹ ዘልሎ፣ የጎረቤታችንን ክንድ ከትከሻው እስከ ክርኑ ቧጥጦት በአጥሩ ላይ አልፎ ገደል ገባ። ውጅግራ ባለ አንድ ጥይት ነው፤ ሁለተኛ ለማጉረስ ጊዜ አልነበረም።

ሰውየውን ተሸክመው ሲመጡ አይቻለሁ። ደሙን አልረሳውም። አጎቴ ከኋላ ነው የመጣው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቱ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ጠመንጃው ዘገየብኝ።»

አያቴ ጠመንጃውን ከእጁ ተቀበሉና «ጠመንጃ አይዘገይም፤ የሚዘገይ ሰው ነው» አሉት።

እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት። ክንዱ የተበጣጠሰው ጎረቤታችን ብቻ ከተኛበት ሆኖ «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው» አለው። ሌላው ዝም አለ። ዝምታው አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም፤ ቃሉ ቀልድ ሆኖ ወጣ። ለደቦ ያረፈደ ሰው «ጠመንጃው ዘገየብኝ» ይላል። እንጀራው የቆየባት ሴት «ጠመንጃው ዘገየብኝ» ትላለች። እረኞች ሳይቀሩ። እኔም ብያለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ለማሳቅ ብዬ አጎቴ እየሰማኝ ብያለሁ። የሽምግልናው ነገር ቀዘቀዘ፤ የልጅቷ ወገኖች እምቢ አላሉም፣ ግን ቀን መቁረጡን ተዉት። ታኅሣሥ ላይ አጎቴ ለማንም ሳይናገር ኮምቦልቻ ወርዶ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ። ወሎ ውስጥ ሆድ የባሰው ጎረምሳ ያኔ የሚሄድበት አገር እሱ ነበር፤ ወደብ ላይ ጆንያ መሸከም።

አያቴ ስሙን አያነሱም ነበር። አያቴ ሴቷ ግን (እማማ ነበር የምንላቸው) ቡና ባፈሉ ቁጥር አንድ ሲኒ ትርፍ ይቀዱና ሳይጠጣ ይደፉታል። ይህ ለወራት ቀጠለ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን፣ ጀበናውን እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ፦ «ልጁንስ ጠየቁት። ጥይትዎንስ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

አያቴ መልስ አልሰጡም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሣጥኑ ሥር ጨርቋን ፈቱ።

አሁን የምነግራችሁን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የሥራው ግማሽም የኔ ነበር። አያቴ ከሞሏቸው የቤት ጥይቶች ሳይመርጡ አምስት አነሱ። ከስድስቱ የፈረንጅ ጥይቶች ደግሞ አምስት። ዒላማ የሚሆን ክብ ነገር ሲፈልጉ እማማ ከግድግዳ ላይ አንድ ሰፌድ አውርደው ሰጧቸው፤ ያረጀ ቢሆንም በቀይና በሐምራዊ አለላ ዙር ዙሩን የተሠራ፣ መሃሉ እንደ ዓይን የሆነ። «ይበሳል» አሏቸው አያቴ። «ለልጄ ስም አንድ ሰፌድ አይበዛም» አሉ እማማ።

ከቤታችን በላይ የናደ አፈር ግድግዳ የሚመስል ቦታ ነበር፤ ሰውም ከብትም ከኋላው የማያልፍበት። ሰፌዱን እዚያ ላይ በችካል ሰቀልነው። ከሰፌዱ ሰባ እርምጃ ቆጠሩ፣ ነብሩ የነበረበትን ያህል። ድንጋይ ደርድረው በላዩ ገለባ የተጠቀጠቀ ስልቻ አጋደሙና የጠመንጃውን ግንባር አስተኙበት፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ከነገሩ እንዳይገባ። ይህን ሲያደርጉ አይቼ ገረመኝ፤ ሌላ ጊዜ ተደግፎ የሚተኩሰውን «እንደ እርጉዝ ይደገፋል» ብለው ያፌዙበት ነበር።

ተራው አንድ የፈረንጅ፣ አንድ የቤት ነበር። ለምን አምስቱን የፈረንጅ መጀመሪያ፣ አምስቱን የቤት በኋላ አላደረጉትም ብዬ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ባሩድ ጥላሸቱን በብረቱ ውስጥ ይተዋል፤ እየቆየ ሲሄድ ኋላ የሚተኮሰው ይበደላል። ዓይንም ይደክማል፣ ፀሐይም ይዞራል። እያፈራረቁ ከተኮሱ ግን ጥላሸቱም ድካሙም ለሁለቱ እኩል ይደርሳል። አያቴ በዚህ ላይ ደግሞ ከየጥይቱ በኋላ በዘንግ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ውስጡን ይጠርጉ ነበር። የኔ ሥራ፣ እሳቸው መቀርቀሪያውን ከፍተው ጠመንጃውን መሬት ሲያስተኙና «ሂድ» ሲሉኝ መሮጥ ነው። ለፈረንጅ ጥይት ቀዳዳው ላይ እሾህ እሰካለሁ፣ ለቤት ጥይት ጭድ።

የመጀመሪያዋ የፈረንጅ ከሰፌዱ ዓይን ትንሽ ወደ ግራ። የመጀመሪያዋ የቤት ልክ ዓይኑ ላይ! አያቴ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አየህ?» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ የኛ ጥይት ፈረንጅን በለጠች። ሁለተኛዋ የፈረንጅ ከመጀመሪያዋ ሁለት ጣት ርቃ ወደቀች። ሁለተኛዋ የቤት ግን ከዓይኑ በታች አንድ ስንዝር ወርዳ የሰፌዱ ጠርዝ ላይ ተገኘች። አያቴ ምንም አላሉም። ሦስተኛዋ የፈረንጅ ከጓደኞቿ አጠገብ።

ሦስተኛዋ የቤት ጥይት።

አያቴ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አስተኝተው ቃታውን ሳቡ። «ቅጭ።» ዝም። ከሸፈች ብዬ ነበር። እሳቸውም እንደኔ ሳያስቡ አልቀሩም፤ ጉንጫቸው ከሰደፉ ላይ ሲነሳ አየሁት። ያኔ ነው «ድው!» ያለው። ጠመንጃው ትከሻቸውን ሳይሆን ደረታቸውን መታው። ሮጬ ሄድኩ። ሰፌዱ ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ዞርኩበት፣ አፈሩን ፈለግሁ። የለም። አምስት ዓመት በዱር የተኮሱት አያቴ፣ ተደግፈው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የማይንቀሳቀስ ሰፌድ በሰባት ክንድ ሳይሆን በሰባ እርምጃ ሳቱ።

ስመለስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ መቀርቀሪያው እንደተከፈተ፣ ጭሱ ቀስ ብሎ ይወጣል። «አባባ፣ አላገኘሁትም» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ወደ ሐይቁ አዩ። ከዚያ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ዘገየብኝ» አሉ።

ያቆማሉ ብዬ ነበር። አላቆሙም። የቀሩትን ሁለት ሁለት ጨረሱ። አራተኛዋ የቤት ወደ ቀኝ ሸሸች፤ አምስተኛዋ ዝቅ ብላ ግራ። ሰፌዱን አውርደን መሬት ላይ ስንዘረጋው አምስቱን እሾህ አያቴ በአንድ መዳፋቸው ሸፈኗቸው። አራቱን ጭድ ለመሸፈን ግን ሁለት እጅ ተዘርግቶም አልበቃም፤ አምስተኛውም የለም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አማካይና ሥርጭት ላይ ስደርስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሥዬ አምስት ነጥብና አምስት መስቀል እበትን ነበር፤ ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ያመጣሁት ይመስላቸው ነበር። አያቴን ለዘመናት ያታለለቻቸው ያቺ መሃል የገባችው ናት። በየዓመቱ አንዷ ዝንጀሮ ትጥላለች፣ እሷ ትወራለች። የሳተችው ደግሞ ምክንያት አታጣም፦ ነፋስ ነበር፣ ተኳሹ ቸኩሏል፣ እጁ ተንቀጥቅጧል። ጥይቷ አንድ ቀን እንኳ ተከሳ አታውቅም።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ አያቴን አታውቋቸውም። ስድስተኛዋን የፈረንጅ ጥይት፣ ለቀብራቸው የቀረችውን፣ ሐይቅ ከተማ ይዘዋት ወርደው አንድ አንጥረኛ ዘንድ ገባን። በሩ ክፍት ነበር፣ ከሰሉ በአንድ ጥግ ይጨሳል፤ አያቴ መጀመሪያ እሳቱን በአመድ አስሸፈኑት። ከዚያ ጥይቷን ፈለቀቋት። የእርሳሷን ወረቀት ልጠው ወርቅና ብር በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አኖሯት፤ በሌላው ሳህን ላይ አንድ ጠገራ ብር። ያኔ አንጥረኛ ሁሉ አንድ ወቄት የሚለው የጠገራ ብርን ክብደት ነው፤ በዛሬው 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ጋር። ብሩ በለጠ። አንጥረኛው በእርሳሷ በኩል ገብስ ይጨምር ጀመር፤ እኔ ቆጣሪ ነበርኩ። ከስልሳ በላይ ፍሬ ሲገባ ሚዛኑ ተስተካከለ። የግራ ጠመንጃ እርሳስ 25 ግራም እንደሆነ ካረጀሁ በኋላ አንብቤያለሁ፤ ሦስቱን ግራም የሞላው ገብስ መሆኑ ነው።

አሁን የቤቶቹ ተራ መጣ። አንዷ አርባ ገብስ ይበቃታል፣ አንዷ ከመቶ በላይ ትጠይቃለች። ከባዷን በቢላ ሲሰነጥቋት ምንም የለባትም፤ ቀላሏ ግን ሆዷ ውስጥ የአየር ጉድጓድ ነበራት፣ እርሳሱ ሲፈስ የቀረ። ጎደሎ ሆድ ያላት ጥይት እየተሽከረከረች ስትሄድ እንደ ተጣመመ እንዝርት ትዋልላለች። ባሩዱም እንዲሁ ነው። የፈረንሳዩ ጥይት 5 ግራም ከሩብ ያህል ባሩድ ይዛ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ትወረወራለች። የአያቴ መስፈሪያ ግን ማንኪያ ነበር፤ አንዴ ሞልቶ፣ አንዴ ተጠቅጥቆ፣ አንዴም ክረምቱን ጠጥቶ የረጠበ። ፍጥነቷ የቀነሰ ጥይት መንገድ ላይ ስለምትቆይ ምድር ትስባታለች፤ ለዚህ ነው አንድ ስንዝር የምትወርደው። «ቅጭ» ብሎ መዘግየቱ ደግሞ ከዚያች ከቂጧ ቆብ ነው፤ እሳቷ ደካማ ከሆነች ባሩዱ እስኪያያዝ አንድ ትንፋሽ ይወስዳል። አንድ ትንፋሽ ለነብር ብዙ ነው።

በፈረንጅ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ለውድድርም ለአደንም በእጃቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚሞሉትም ከፋብሪካው ይበልጥ እንድትገጥም ብለው ነው። ፋብሪካ ለሁሉም ጠመንጃ አንድ ዓይነት ይሠራል፤ እነሱ ለራሳቸው ጠመንጃ የሚስማማውን ልክ በስሱ ሚዛን እየመዘኑ ይፈልጉታል። አያቴም ሚዛን ካገኙ በኋላ እርሳሳቸውን እየመዘኑ ያልተስተካከለውን መልሰው ያቀልጡ ጀመር። እንዲያም ሆኖ ከፈረንጇ ዝቅ ማለቷ አልቀረም፤ ግን ሁሉም እኩል ዝቅ ይሉ ነበር። እኩል ዝቅ የምትልን ጥይት ግማሽ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ነው። ያቺን የቂጥ ቆብ ግን ሊያድኗት አልቻሉም። ሰው አጠገብ ሊደርስ በሚችል አውሬ ላይ የቤት ጥይት ላይተኩሱ ማሉ።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮምቦልቻ ወረዱ። የት እንደሚሄዱ አልተናገሩም፤ እማማ ግን ስንቅ ሲቋጥሩላቸው ለሁለት ሰው ነበር። አያቴ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአጎቴ ጋር ተመለሱ።

እዚያ ምን እንደተባለ አያቴ እስኪሞቱ አልነገሩንም። አጎቴ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም የልጅ አባት ከሆንኩ ወዲህ፣ የነገረኝ። በዚያ በሚያነድ ሙቀት ጆንያ ተሸክሞ ሲወርድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመው አየ። ጆንያውን አስቀምጦ ጉልበት ሊስም ቢጎነበስ አባቱ አስቀድመው ከጋቢያቸው ሥር ሰፌዱን አወጡ። እሾሁና ጭዱ እንደተሰካ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ላይ እንዳይነቃቀል ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የመጡት። በጣታቸው አንድ በአንድ አሳዩት። ከዚያ «ልጄ፣ ጠመንጃው ዘግይቶብሃል» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። «ይቅር በለኝ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም አልጠበቅሁም» አለኝ አጎቴ። «ያን ቀን የማለቅሰው በሙቀቱ ነው ብዬ ዋሸሁ።»

ሰፌዱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ከእማማ አዳዲስ ሰፌዶች መካከል፣ እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት። እንግዳ «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» ሲል አያቴ ራሳቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩታል፤ በሕዝብ ፊት የተናገሩትን በሕዝብ ፊት። «ጠመንጃው ዘገየብኝ» የሚለው ቀልድ በሰፈሩ እየከሰመ ሄደ። የአጎቴ ሠርግ በተከታዩ ጥር ሆነ፤ ክንዱ የተቧጠጠው ጎረቤታችን ከሚዜዎቹ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። አያቴ ሲቀበሩ ተኩስ አልነበረም። ጥይቱን በምን እንደጨረሱት ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አልጠየቀም።

ጠመንጃውን አጎቴ በደርግ ጊዜ አስረከበ። እኔም ቀለሟ ካማረኝ አንዲት ቀለህ በስተቀር ምንም አልያዝኩም። ዛሬ ነብር ተጠብቆ የሚኖር አውሬ ነው፤ አደንም በፈቃድ ነው። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ከወጣ ወዲህ ደግሞ መሣሪያም ጥይትም መያዝ በሕግ ቁጥጥር ሥር ነው። ያለፉት ዓመታት በአገራችን ካሳዩን በኋላ ልጄ ቀለህ አይታ መደንገጧ አይገርመኝም። በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ የአጎቴ ልጅ ቤቷን ጥላ ስትወጣ ከግድግዳ ላይ ያነሳችው አንድ ነገር ሰፌዱን ነው። ጭዱና እሾሁ ከረገፈ ቆይቷል፤ ቀዳዳዎቹ ግን አሉ።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የልጅ ልጄን ይዤው ሐይቅ ሄድኩ። ሰፌዱን አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቱን በየቀዳዳው እየከተተ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ከዚያ እንደተታለለ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«አሥር ተኮሱ ብለኸኝ ነበር። ዘጠኝ ነው ያለው። አንዷ የት ሄደች?»

እኔ መልስ ሳፈላልግ የአጎቴ ልጅ ቀደመችኝ። አባቷ በሕይወት ሳለ ይህን ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልሰው አንድ መልስ ነበረው።

«እሷማ» አለችው፣ «አባቴን ፍለጋ አሰብ ወርዳለች።»